ድንቡሼን ለሁለት አልቆርጥም

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

የሱቄ ዲስክ መጻፊያ፣ ራይተሩ፣ ዛሬም አንድ ዲስክ በላ። ከካሴት የገለበጥኩት የአንድ ደንበኛ የልጅ ልደት ነበር። እስከ መጨረሻው ደህና ሲጽፍ ቆይቶ ልክ ሊጨርስ ሲል ተፋው። ደንበኛ ፊት ማፈር ሰለቸኝ። ጎረቤቴ ፊውዝ መጥቶ አገላብጦ አየውና «ይሄ እንኳ ፊውዙ አይደለም፣ አርጅቷል» አለ። ሰውዬው ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ በመጣለት ቁጥር «ፊውዙ ነው» ስለሚል እናቱ ያወጣችለት ስም ጠፍቶ ፊውዝ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ፊውዙ አይደለም ካለ ነገሩ አብቅቶለታል ማለት ነው።

አዲስ መግዛቴ አይቀርም። ከመግዛቴ በፊት ግን መምረጥ አለብኝ፤ ባለ አንድ ሽፋን ዲስክ ብቻ የሚጽፈውን ነው ወይስ ባለ ሁለት ሽፋኑንም የሚጽፈውን? ሐሳቤን ለመሰብሰብ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። ነገሩ ለደንበኛ ሥራ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር። የወንድሜ የድንቡሼ ካሴት አለ።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ዕቃ መሸጫው ሄጄ ሁለቱን አየሁ። በመልክ አይለያዩም። ሻጩ ለጋ ወጣት ነው፣ ምላሱ ግን አርጅቷል።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ደብሉን ይውሰዱ። ሲንግሉንም ይጽፋል፣ ደብሉንም ይጽፋል።»

«ዲስኩስ?»

«ዲስኩ ወደድ ይላል። ሲበላሽም ያናድዳል፣ አልዋሽዎትም።»

«አሮጌ ማጫወቻ ላይ ይሠራል?»

«እሱ እንግዲህ ዕድል ነው።»

ባለ አንድ ሽፋኑ ዲስክ ሁለት ሰዓት የሚሆን ፊልም በደንብ ይይዛል። ከዚያ በላይ ካጨቁበት ምስሉ ይበላሻል፤ የሰው ፊት ትንንሽ ካሬ ካሬ ይሆናል። ባለ ሁለት ሽፋኑ የድንቡሼን ሦስቱንም ካሴት ሳይጨናነቅ ይይዛል። ችግሩ ማጫወቻው አንደኛውን ሽፋን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ነው፤ አንዳንዱ እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ዕድል ነው ተብሎ የወንድሜን ነገር እንዴት እሰጣለሁ? ሳልገዛ ወጣሁ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

እናቴ ዘንድ ዋልኩ። ሻይ ስትቀዳልኝ ከስኒው አሳልፋ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። «ለጠረጴዛውም ይድረሰው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀልዷ አልተለወጠም።

ዛሬም የጠየቀችኝ ያንኑ ነው። «የድንቡሼን ካሴት መቼ ነው የምታሳዪኝ? ዓይኔ ሳለ ይሁን።» የዓይን ግፊት አለባት፣ እይታዋ ከጎንና ከጎን እየጠበበባት ነው። ጠብታ አላት።

ድንቡሼ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሕፃን ሳለ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። ስሙ አብሮት አደገ፣ ሥጋው ግን ከዳው፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ እንደ ሸንበቆ ሆነ። ቀለም ቀቢ ነበር። ሥራ ላይ ሳለ ከሕንፃ ወድቆ ካለፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በሞተበት ዓመት በጋ ላይ የእናቴን ቤት ውሃ ሰማያዊ አድርጎ ቀባላት። እኔ ካሜራዬን የገዛሁት በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ እጄን ላፍታታ ብዬ ውሎውን ሙሉ ቀረጽኩት። በሌላ ጊዜ በተቀረጸባቸው ካሴቶች ላይ ካሜራ ሲያይ ምሰሶ ነው የሚሆነው። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ግን ሥራ ስለያዘው ረስቶታል። እናቴ «እሱ ራሱ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው» ትላለች።

ካሜራውን ከቴሌቪዥኗ ጋር አገናኝቼ እንዳላሳያት ካሴቶቹ እርጥበት ገብቶባቸዋል። ፊውዝ አሽትቶ ነው የነገረኝ፤ አንዴ ብቻ ወደ ኮምፒውተር ቢገቡ ነው፣ ደጋግሞ ማጫወት ይቆራርጣቸዋል። ስለዚህ በደንብ መዘጋጀት አለብኝ። መጀመሪያ ራይተሩ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ሥራ በዛ። ሁለት ዲስክ ተበላሸ። ዝናብ። እናቴ ደወለች፣ እጄ ሥራ ላይ ስለነበር አላነሣሁትም።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ፊውዝ ተናገረኝ። ምሳ በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ገባና ወንበር ገልብጦ ተቀመጠ።

«እኔ የምልሽ፣ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ራይተር ያስፈልጋል እንዴ?»

«አያስፈልግም።»

«ታዲያ አስገቢዋ! ራይተሩን እስክትመርጪ ገብቶ ይጠብቅሻል። እርጥበት እኮ አይጠብቅሽም።»

ኮምፒውተሩ ቦታ የለውም አልኩት። ቦታ እንዳለው ያውቃል፤ ትልቁን ሃርድ ዲስክ የገጠመልኝ እሱ ነው።

«እሺ፣ ሌላው ደግሞ» አለ፣ «ለምን በሲንግል ዲስክ ሁለት አታደርጊውም? አንደኛው ሲያልቅ ሁለተኛውን መክተት ነው። የትኛውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል፣ ምስሉም አይጨናነቅም። አለቀ።»

«ድንቡሼን ለሁለት አልቆርጥም» አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ዲስክ የምትጠብቅ ደንበኛ ቀና ብላ አየችኝ። ፊውዝ ወንበሩን መልሶ አቆመና «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብሎ ወጣ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ለእሱ ቀላል ነው፣ ዕቃ ነው የሚጠግነው። ይህ የሰው ነገር ነው፤ ተጠንቅቆ መምረጥ ሊያስነቅፈኝ አይገባም።

ሰኔ 23፣ እሑድ

እናቴ አንድ ቡናማ፣ አንድ ጥቁር ጫማ አድርጋ ጠበቀችኝ። ብነግራት «ሁለቱም የኔ ናቸው፣ ምን አገባሽ?» አለች። ገና ከበሩ ሳልገባ ነው ስሜን የጠራችው፣ በእርምጃዬ አውቃኝ። ጆሮዋ ጎበዝ ሆኗል። ቴሌቪዥን ሰልችቷታል፣ አሁን ራዲዮ ነው የምትወደው። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም እርጥበት ነክቶት አንድ ጥግ ላይ ተላልጧል። እጇን ዘርግታ ዳሰሰችውና «ይሄን ቢያይ ያብዳል» አለች።

ስለ ካሴቱ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

እንደገና ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ሻጩ ገና ሲያየኝ «እትዬ፣ ሊያገቡት ነው እንዴ ይሄን ያህል የሚመርጡት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ተመልሼ ሱቄ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ የአባቷን ካሴት ልታስገለብጥ ነው የመጣችው። «መልኩን እችለዋለሁ» ትላለች፣ «ፎቶውን በየቀኑ ነው የማየው። ድምፁ ነው። ድምፁን አልችልም።» ሌላዋ «ድምፁን ዘግተሽ እዪዋ» አለቻት። በሰው ነገር ምን አገባኝ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ግን የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ሲወድቅ ዋለ፤ አዲስ የዲስክ ቁልል ሙሉውን መሬት ላይ በተንኩት።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

እናቴን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ለእናቴ «እማማ፣ ጠብታዎን እንዳያቋርጡ» አለቻትና እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። የሄደው አይመለስም አለች። የቀረው ትንሽ ነው፣ ምን ያህል እንደሚቆይ መናገር አልችልም አለች። «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ያሳዩዋቸው።»

አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ክንዴን ይዛ «ምን አለችሽ?» አለች።

«ጠብታውን አታቋርጥ አለች።»

«ውሸታም! ለጠብታ ብላ ነው ኮሪደር የወሰደችሽ?» ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። አንቺ ልጅ፣ በኔ አፈር እየተጫወትሽ ነው።»

ሰው ይስማን አይስማን አላየሁም። ነገ እገዛለሁ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ነገ ያልኩት ሳምንት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ዛሬ ገዛሁት፤ ባለ ሁለት ሽፋኑን። ሻጩ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለ። ወንድሜ ሳይቆረጥ፣ ሳይጨናነቅ፣ በአንድ ዲስክ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ከወሰንኩ በኋላ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ካሴቶቹ ወደ ኮምፒውተር ገቡ። እርጥበቱ አልጎዳቸውም።

ካሴት ሲገባ የሚፈጀው የተቀረጸበትን ያህል ጊዜ ነው፣ ማፋጠን አይቻልም። አጠገቡ መቀመጥም ደንብ ነው፣ ክሩ ቢጠመጠም ፈጥኖ ለማቆም። እኔ ግን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መግዛት ነበረብኝ። ድምፁን ዘግቼ፣ የስክሪኑን መብራት አጥፍቼ፣ ፊውዝን ተቀመጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ማከፋፈያ ፍለጋ ብዙ ሱቅ ዞርኩ። ስመለስ ቤት ውስጥ ሁለት ማከፋፈያ እንዳለኝ ትዝ አለኝ።

ፊውዝ ካሴቶቹን በየተራ ቀይሮ ጨርሷል። ስክሪኑን አብርቶት ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ሌላ ቀን አፉ የማያርፍ ሰው ዛሬ «ጥሩ ልጅ ነበር» ብሎ ብቻ ወጣ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ዲስኩ ተጻፈ። አንድም ሳይበላሽ በመጀመሪያው።

ከመጻፉ በፊት ፕሮግራሙ መሻገሪያው የት ይሁን ብሎ ይጠይቃል፤ ማለትም አንደኛው ሽፋን አልቆ ሁለተኛው የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ። ለደንበኛ ሥራ ቢሆን ቁጭ ብዬ ፊልሙን አይና ምስሉ የሚጨልምበትን፣ ወይም አንዱ ነገር አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ ነው የምመርጠው። ዛሬ ጊዜ አልነበረኝም። «በራሱ ይምረጥ» የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በጨረፍታ ሞከርኩት፣ ይሠራል።

ለደንበኛ ሁሉ «የቤትዎ ማጫወቻ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። የእናቴን አውቀዋለሁ፤ ድንቡሼ የገዛላት ነው። ጥሩ ማጫወቻ ነው።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

መሽቷል። ሳልጽፈው ግን አልተኛም።

እናቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ደህና ልብሷን ለብሳ ነበር የጠበቀችኝ። ዲስኩን ከተትኩ። ፊልሙ ሲጀምር ድምፅ የለውም፤ ማይኩን ሳልሰካ ነበር መቅረጽ የጀመርኩት። ድንቡሼ የጋዜጣ ቆብ ደፍቶ ቀለም ሲያማስል ይታያል። እንዴት ጥርት ብሏል! አንዲት ካሬ የለችበትም። ዞር ብዬ እናቴን አየኋት።

«ክፈቺው እንጂ» አለችኝ።

«ተከፍቷል እኮ፣ እማ።»

ያን ጊዜ ነው ፊቷን ልብ ያልኩት። ወደ ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ ከጎኑ ወዳለው ቁም ሣጥን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብርሃንና ጥላ ይታየኛል። እሱም ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ በዝቶብሽ ነበራ።»

አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሰኔ ውስጥ ታይ ነበር። የሐምሌ መጀመሪያም ታይ ነበር። እኔ ሲንግልና ደብል ስል የእናቴ ዓይን አለቀ። ልጇን አንዴ ልታይ ነበር፣ እኔ ነኝ የነፈግኳት።

«አታልቅሺ» አለች። «አንቺ ታያለሽ አይደል? እያየሽ ንገሪኝ። ምን ለብሷል?»

ከዚያ ወዲያ ምን ይደረጋል። ዓይኔን አንሥቼ አየሁት። የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ ለብሷል አልኳት። እጅጌው ተጠቅልሏል። ቅንድቡ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ። «የግራው ነው የቀኙ?» የግራው። ድምፁ መጣ፤ እናቴን ሲያበሽቃት። «እማዬ፣ ወንበርሽን አንሺ፣ አለዚያ አንቺንም እቀባሻለሁ!» እናቴ ክትክት ብላ ሳቀች። «እውነቱን ነው፣ አላነሣሁም ነበር» አለች። እንዲህ እያልን ግማሽ ያህል ሄድን። የፈራሁትን ያህል አልነበረም ልል ስል መሰላሉን አመጣ።

መሰላሉን ወጣ። ከካሜራው ጀርባ የራሴ ድምፅ መጣ፣ እየሳቅሁ። «አንድ ደረጃ ከፍ በል! እዚያ ብርሃኑ ያምራል!» እሱም አንድ ደረጃ ከፍ አለና ወደ ታች አየኝ። «ብወድቅ እንዳታቋርጪ» አለ፣ «ቅረጪኝ።» እኔ ሳቅሁ። አሁንም ከፍ በል እላለሁ። እሱም ከፍ አለ።

እዚህ ላይ ቆመ። ምስሉም ድምፁም። መሻገሪያው እዚያ ላይ ነበር።

ያን ቀን አልወደቀም። የወደቀው በኋላ ነው፣ በሌላ ሰፈር፣ እኔ በሌለሁበት። ይህን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ዲስኩ ተያዘ።»

«ድንቡሼስ?»

«መሰላሉ ላይ ነው።»

«አልወረደም?»

«አልወረደም፣ እማ። ቆሟል።»

አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ከተትኩ። እዚያው ሲደርስ ይቆማል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ በሞከርኩ ቁጥር ከፍ በል ስል እሰማለሁ፣ እናቴም ትሰማለች። በመጨረሻ እጄን ያዘችኝ። የሱቁን ማጫወቻ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ከልጇ ማጫወቻ ሌላ ቤቷ አይገባም።

«ስለ ድምፅሽ አትጨነቂ» አለች። «አንድ እናት ልጇን ውጣ፣ ውረድ ሳትል ታሳድጋለች? እህትም እንደዚያው ነው። ግን እዚያ ላይ አትተዪብኝ። አውርጂልኝ።»

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

በባለ አንድ ሽፋን ዲስክ፣ ለሁለት። ፊውዝ ያኔውኑ ያለው ነው። ስነግረው «አልኩሽ» አላለም፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

የት ላይ እንደምቆርጠው ለማወቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት፣ ድምፁን ከፍቼ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊውዝ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ መቼ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ከዚያ ቀጠለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለካ ከዚያ በኋላ ያለውን ረስቼዋለሁ። ቀጥሎ ብዙ ነገር አለ።

መሰላሉን ከማምጣቱ በፊት እጁን ታጥቦ ውሃ የሚጠጣበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቆረጥኩት። መሰላሉ ሙሉውን ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው፣ መውጣቱም የተቀረውም።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

አንደኛው ዲስክ ሲያልቅ እናቴ «ቀይሪው» ብላ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ሁለተኛውን ከተትኩ። ማጫወቻው ትንሽ አጉረመረመና ያዘው።

መሰላሉን አቆመ አልኳት። ወጣ። ድምፄ መጣ፣ ከፍ በል የሚለው፣ ሳቄም። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። «ብወድቅ እንዳታቋርጪ» አለ። ምስሉ ቀጠለ። የበሩን አናት እየቀባ ነው አልኳት። አሁን ጥጉን። አሁን ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ከተተ። በአንድ እጁ ባልዲውን ይዟል፣ በሌላው መሰላሉን። አንዱን እግሩን አወረደ። ሌላውን።

«ወረደ?» አለች።

«ወረደ፣ እማ።»

«እግሩ መሬት ነካ?»

«ነካ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም» አልኳት።